ርክክብ

ና በሪሁን፥ ተቀመጥ፤ ይቺ ወንበር ትነቃነቃለች፤
አንድ እግሯ ሽብልቅ ነው፥ እንደ ማኅበሩ ትኖራለች።
አንተ ከድርጅት ተልከሃል፥ ባጅ አንጠልጥለህ ባንገት፤
እኔ በማስታወቂያ ነው፥ ከበር ላይ አንብቤ የገባሁበት።

ከመፈረምህ በፊት፥ ቁልፎቹን አንድ ባንድ ቁጠር፤
አርባ አንድ ናቸው፤ አርባው ያውቃል የየራሱን በር።
አንዷ የምትከፍተውን ግን፥ አላገኘሁም ስድስት ዓመት፤
አትጣላት፤ ምን አጠፋች? በር ያጣች ቁልፍ ናት።

ውሃ ከአንገረብ ሲለቀቅ፥ ሐሙስ ነው፥ እሱም ሌሊት፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጆሮህን፥ ቧንቧው ላይ ለጠፍ አድርጋት።
መጀመሪያ አየር ያስላል፥ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ፤
ያን ጊዜ ፓምፑን ቀስቅሰው፥ ሁሉም ሳይነቃ አብሮ።
አራተኛ ፎቅ ካልወጣ፥ ንጋት ላይ በርህ ይመታል፤
ወጥቶ ሮቶው ከሞላ ግን፥ ማን መጥቶ ያመሰግናል?

የወር መዋጮው ሦስት መቶ፥ ደረሰኝ ሳትቆርጥ አትቀበል፤
አቶ ጥጋቡ «ነገ» ይሉሃል፤
ይኸው ነገ ስድስት ወሩ፥ በደረጃው ሲንከባለል።
ወይዘሮ አስረበብ ቀድመው ይከፍሉና፥ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤
አምፖሉ በስንት ተገዛ? አሮጌውስ የት ደረሰ? ይላሉ።
የተቃጠለውን አትጣል፥ መሳቢያው ውስጥ ነው መልሱ፤
አስራ ዘጠኝ አምፖል አለ፥ ሲነቀነቅ ይሰማል ድምፁ።

ጣሪያው ላይ ወጥተህ አሸንዳ፥ ሰኔ ሳይገባ ጥረግ፤
ጎንደርን ሙሉዋን ታያለህ፥ የፋሲልን ግንብ በሩቁ ጥግ።
ያሠሩት ስማቸው አለ፥ ልጅ ሁሉ በቃሉ ያውቃል፤
አሸንዳውን የጠረገው ግን፥ ማን ነበር? ማን ይጠይቃል?
እኔ እዚያ ላይ ተንበርክኬ፥ ቅጠል በጣቴ እያወጣሁ፥
ያንን ሰው ስንት ክረምት፥ «አይዞህ» ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልምጣ፤ በደንባችን አልተጻፈም፤
አንቀጽ አስራ አራት «ግቢው የጋራ ነው» ይላል፥
ከዚያ በላይ አያስረዳም።

ጥር ነበር፥ ለቅዳሜ። የአቶ አትርሳው ልጅ ልትዳር፥
ድንኳን በዱቤ ተከራይተው፥ ከብሎክ ሦስት እስከ አጥር።
ዓርብ ሌሊት ስምንት ሰዓት፥ ከሁለተኛ ፎቅ ጩኸት፤
ቧንቧ ሠሪያችን ገላዬ፥ በተኛበት፥ በድንገት።
«ድንኳኑ ይነሣ» አለ ግማሹ፥ «ለቅሶው ከውጭ» አለ ግማሹ፤
ኮሚቴዎቹ ስልክ አጥፍተው፥ ወደየቤታቸው ሸሹ።

ደንቡን ገለጥሁ፤ አንቀጽ የለም። ማኅተሙን አየሁት፤ ዝም።
ሚስቱ ትጓደድ ወጣች፥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፤ አታለቅስም።
«ገላዬ ነው ያንን ድንኳን፥ ትናንት ካስማውን የመታው፤
እጁ ያረፈበትን፥ በምን እጃችሁ ልትነቅሉት ነው?
አልቃሽ ያልቅስበት» አለች፥ «ሙሽራም ትዳርበት፤
ግቢው የጋራ ነው ብለሽ፥ ትርንጎ፥ አላስፈረምሽንም በፊት?»

እስከ ስድስት ሰዓት ለቅሶ፥ ከዚያ ቀብር፤ ከዚያ ጠረግን፤
ዘጠኝ ላይ ለሙሽራ መኪና፥ ክላክስ ሳይነፋ በር ከፈትን።
ሙሽራዋ ጉልበት ስትስም፥ እናት አባቷን አልፋ፥
ትጓደድ እግር ሥር ወደቀች፥ ቬሎዋን መሬት አንጥፋ።

ኪራዩ አራት ሺህ ስድስት መቶ፥ መዝገቡ ላይ ቁጭ ብሏል፤
ሰርገኛው ዕድሩን ያያል፥ ዕድሩም ሰርገኛውን ያያል።
ኦዲተር መጥቶ በቀይ፥ ሁለቴ አሰመረበት፤
ከኪሴ እንኳ እንዳልከፍል፥ ደረሰኙን በማን ስም ልቁረጥበት?
አንተ ሌላውን ዕዳ ሁሉ፥ በር አንኳኳ፥ ተጨቃጨቅ፤
ይቺን መስመር ግን ከገጽ ወደ ገጽ አዛውራት፤
አትሰርዝ፥ አትደብቅ።

በል ፈርም፤ እዚህ ጋ። እስክሪብቶው ይነክሳል፥ አራግፈው፤
እኔ ልሂድ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ውሃው ሌሊት እንዳያልፈው።